ብዕሩን ራሱ የሚሠራው ደረሳ፦ የጎንደር ሙስሊሞች የእጅና የቀለም ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ምናልባት አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ወይም ጠረጴዛችሁ ላይ ይኖራል። እስክሪብቶ! ሲያልቅ እንጥለዋለን፣ ሲጠፋ ሌላ እንገዛለን። ማን እንደሠራው፣ እንዴት እንደተሠራ ጠይቀን አናውቅም።

አያቶቻችን ግን ብዕር አይገዙም ነበር። ቁርአን ሊቀራ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ብዕሩን መቅረጽና ቀለሙን ማዘጋጀት ነበር። ኢልም ፈላጊው መሣሪያውን በእጁ ይሠራ ነበር።

ይህን የምናነሳው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በከተሞቻችን አንድ የሚያሳዝን ነገር እናያለን። የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ "ሸማኔ ነው" ማለት የሚያፍር ወጣት አለ። "ነጋዴ ነው" ብሎ ያልፋል። እጅ ሥራን የማይምና የድሃ ዕጣ አድርጎ ማየት በመካከላችን ገብቷል። የጎንደርን ሙስሊሞች ታሪክ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ግን ይህ እፍረት የኛ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ከሌላ የተዋስነው ነው። በኛ ታሪክ የሚሸምነው እጅና የሚጽፈው እጅ ተለያይተው አያውቁም።

▪ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል

በአማርኛ "ቀለም" ስንል የምንጽፍበትን ፈሳሽ ማለታችን ነው። ትምህርት ማለታችንም ነው። የተማረ ሰው "ቀለም የቀመሰ" ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ደግሞ "ቀለሜዋ" ይባላል። በዐረብኛ ግን ቀለም ማለት ብዕሩ ራሱ ነው። ቃሉ "ካላሞስ" ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር ይዛመዳል፤ የዚያም ትርጉም መቃ ነው። "ብዕር" የሚለው ቃላችንስ? እሱም "ብርዕ" ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው። ብርዕ ማለትም መቃ፣ ሸምበቆ ማለት ነው። እንግዲህ በየትኛውም መንገድ ብንሄድ የምንደርሰው ወንዝ ዳር ከሚበቅል ተክል ዘንድ ነው።

በዲናችን ደግሞ የብዕር ቦታ ትልቅ ነው። በሒራ ዋሻ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ የወረዱት አንቀጾች አላህ የሰውን ልጅ በብዕር ማስተማሩን ያወሳሉ። 68ኛው ሱራ ስሙ "አልቀለም" ነው፤ የሚጀምረውም በብዕር በመማል ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ መጀመሪያ ከተፈጠሩት ነገሮች ብዕር መሆኑ ተነግሯል። በበድር ዘመቻ ከተማረኩት መካከል መጻፍ የሚችሉት ለአንሷር ልጆች ጽሕፈት አስተምረው እንደተለቀቁ የሲራ መጻሕፍት ይተርካሉ። ለምርኮኛ ነፃነት የተከፈለው ዋጋ ፊደል ነበር።

የነቢያት ታሪክ ጸሐፍት ስለ ነቢዩ ኢድሪስ (ዐ.ሰ.) ሁለት ነገር ያወሳሉ። በብዕር መጀመሪያ የጻፈው እሱ ነው ይላሉ። ልብስ መጀመሪያ የሰፋውም እሱ ነው ይላሉ። ይህን ልብ በሉት። ብዕርና መርፌ በአንድ ነቢይ እጅ! ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ንጉሥ ሆኖ ሳለ ከእጁ ሥራ ይበላ እንደነበር፣ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበር ደግሞ በሶሒሕ ሐዲሶች ተዘግቧል።

▪ ብዕር መቅረጽ ራሱን የቻለ ኢልም ነበር

በእስላሙ ዓለም ብዕር መቅረጽ ተራ ነገር አልነበረም። በባግዳድ ለሦስት የዐባሲ ኸሊፋዎች ሚኒስትር የነበረው ኢብን ሙቅላ (እ.ኤ.አ. በ940 ያረፈ) የዐረብኛን ፊደል በልክ ያስቀመጠ ሰው ነው። መለኪያው ምን ነበር? የብዕሩ ጫፍ ወረቀት ላይ የሚተወው ነጥብ። የአሊፍ ቁመት ስንት ነጥብ እንደሆነ፣ የሌላው ፊደል ጎን ስንት እንደሚሰፋ በዚያ ነጥብ ይሰላል። ስለዚህ የብዕሩ አቆራረጥ ከተበላሸ ፊደሉ ሁሉ ይበላሻል። ኢብን ሙቅላ በፖለቲካ ጥላቻ ቀኝ እጁ ተቆረጠ። ከዚያም በኋላ ብዕሩን ክንዱ ላይ አስሮ መጻፉን እንደቀጠለ ይነገራል።

በ11ኛው ክፍለ ዘመን የቀይረዋን ገዢ በነበረው በአልሙዒዝ ኢብን ባዲስ ስም የሚታወቀው "ዑምደቱል ኩታብ" የተሰኘው ኪታብ ደግሞ ስለ ብዕር አቀራረጽ፣ ስለ ቀለም አሠራር፣ ስለ ሙጫና ስለ ኪታብ ጠረዛ በዝርዝር የሚያስተምር ነው። ቀደም ብሎም በፋጢሚያው ገዢ በአልሙዒዝ ሊዲኒላህ (953–975 እ.ኤ.አ.) ዘመን ቀለሙን በውስጡ የሚይዝ፣ እጅና ልብስ የማያቆሽሽ ብዕር በትእዛዝ እንደተሠራ የዘመኑ ቃዲ አልኑዕማን ጽፎልናል። ይህ የሆነው ቀለም በውስጡ የሚይዘው ብዕር በአውሮፓ ገበያ ከመታወቁ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ዓሊሙና ባለሙያው ሁለት ሰው አልነበሩም። ፊደል የሚያውቅ ቢላዋ መያዝም ያውቅ ነበር።

▪ መሬት የሌለው እጁን አረሰ

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። ጎንደር በአፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ መናገሻ ከሆነች ጀምሮ ሙስሊሞች ነዋሪዎቿ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1648 የየመኑ ኢማም መልእክተኛ አልሐይሚ ወደ ፋሲለደስ ዘንድ መጥቶ የጉዞውን ታሪክ በዐረብኛ ጽፎ አኑሮልናል። እ.ኤ.አ. በ1698 አፄ ኢያሱ ሐኪም ሲፈልጉ ወደ ካይሮ የተላከው ሐጂ ዓሊ የተባለ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። እሱ ይዞት የመጣው ፈረንሳዊው ፖንሴ በ1699 ጎንደር ገብቶ ንጉሡን አክሟል።

ይሁን እንጂ የኑሮው መሠረት ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ አንደኛ ዘመን በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። በቃሃ ወንዝ በኩል የሰፈሩበት ቦታ "እስላም ቤት" ይባል ነበር፤ በኋላ አዲስ ዓለም ተባለ። በደጋው የርስት ሥርዓት ሙስሊም የርስት ባለቤት አይሆንም ነበር። "ሰማይ ዐምድ የለው፣ እስላም አገር የለው" የሚለው ክፉ ተረት የወጣው ከዚህ ነው።

ታዲያ መሬት የሌለው ሰው ምን ያርሳል? እጁን! የጎንደር ሙስሊሞች በሁለት ነገር ተሰማሩ። አንደኛው ንግድ ነው። በአንድ በኩል በወገራ፣ በደባርቅና በሊማሊሞ ወርዶ ወደ ምጽዋ፣ በሌላ በኩል በጭልጋና በመተማ ወደ ስናር የሚሄደው የሲራራ ንግድ በእጃቸው ነበር። ሁለተኛው እጅ ሥራ ነው፤ በተለይም ሽመና። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዚህን ሰፈር ሰዎች ታታሪነት አድንቆ ጽፏል። የንጉሡን ድንኳን የሚተክሉትና የሚነቅሉት፣ ጓዙን ጭነው የሚነዱት እነሱ እንደነበሩ ይናገራል።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች ለቁርአን ቤቱ የሚያስፈልገውን ይዘው መጡ። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በብራና ሲጻፉ የኛ ኪታቦች ባብዛኛው የተጻፉት በወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ደግሞ በአገር ውስጥ አይሠራም፤ በሲራራ ነጋዴው ጀርባ፣ ባሕር ተሻግሮ ይመጣ ነበር። በአገራችን ካሉ የድሮ ኪታቦች ብዙዎቹን ወደ ብርሃን ብታዞሯቸው ሦስት ጨረቃ ያለበት የውኃ ማኅተም ታያላችሁ። ይህ በቬኒስ አካባቢ ለምሥራቁ ገበያ ይሠራ የነበረ ወረቀት ምልክት ነው። ወረቀቱ ከሩቅ መጣ። ብዕሩ ግን ከወንዙ ዳር ነበር።

▪ ከመቃ ብዕር፣ ከምጣድ ቀለም

የመቃ ብዕር እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ የበሰለና የደረቀ መቃ ወይም ሸምበቆ ይመረጣል። እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፤ በጣም ቀጭኑ ቀለም አይዝም። ከዚያ በስለታም ካራ ጫፉ በረጅሙ ተሸልቶ እንደ ምላስ ይሳሳል። ምላሱ መሃል ላይ በቀጭኑ ይሰነጠቃል፤ ቀለሙ ወደ ጫፍ የሚወርደው በዚያ ስንጥቅ ነው። በመጨረሻ ጫፉ ጠንካራ ነገር ላይ፣ አጥንት ወይም ቀንድ ላይ ተደግፎ በአንድ ምት ይቆረጣል። ሁለት ጊዜ ከተመታ ይሸረፋል። ለዐረብኛ ጽሕፈት ቆረጣው ሰያፍ ይሆናል፤ የፊደሉ ውፍረትና ቅጥነት የሚመጣው ከዚህ ሰያፍ ነው።

ቀለሙ ከቤት ነው። ከምጣድና ከድስት ቂጥ ጥላሸት ይፋቃል፣ በውኃና በግራር ሙጫ ይለወሳል። ጥላሸቱ ጥቁረቱን ይሰጣል፣ ሙጫው ደግሞ ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል። ሙጫው ካነሰ ቀለሙ ሲደርቅ ይረግፋል፣ ከበዛ ብዕሩ ላይ ይጎተታል። ለጀማሪ ደረሳ ወረቀት አይሰጠውም፤ ሉሑ ከእንጨት ነው። የዕለቱን ትምህርት ይጽፍበታል፣ ሲሐፍዘው ያጥበዋል፣ ሌላ ይጽፍበታል።

እናንተ ከጎንደርና ከአካባቢው የሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልታስታውሱ ትችላላችሁ። ሸማኔ ማጉን የሚጠቀልልባት፣ በመወርወሪያው ውስጥ የምትገባው ትንሽ ቱቦ ስሟ ማን ነው? ቀሰም! እሷም ከመቃ ዘር የምትቆረጥ ናት። እንግዲህ ሸማኔና ደረሳ ባሉበት ሰፈር ያው የወንዝ ዳር ተክል ለሁለት ሥራ ይውላል። አንዱ ቁራጭ ወደ አባት መወርወሪያ ይገባል፣ አንዱ ወደ ልጅ ጣቶች። አንዱ ክር ይዞ ይመላለሳል፣ አንዱ ቀለም ይዞ። ሁለቱም መስመር በመስመር ይሠራሉ። ሸማኔው አንድ ማግ ቢስት ጋቢው እንደሚያሳብቅበት፣ ጸሐፊውም አንድ ነጥብ ቢስት ኪታቡ ያሳብቅበታል።

ካራውስ? በጎንደር ዙሪያ በብረት ሥራ ስማቸው የተጠራው ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ወለቃን የመሰሉ መንደሮቻቸው ለከተማዋ ቅርብ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪም እንዲሁ ከመቃ ብዕር ይቀርጽ፣ ቀለሙን በእጁ ይበጠብጥ ነበር። በዲን የተለያየን ሰዎች በእጅ ሥራ ጎረቤታሞች ነበርን። ይህንንም መርሳት የለብንም።

በአማራው ክልል ይህ ብዕር የጻፈው ዐረብኛን ብቻ አይደለም። በወሎ ሸይኽ ጦልሐ ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው ሕዝቡን በሚገባው ቋንቋ አስተምረዋል። ይህ ዓጀሚ የሚባለው ጽሕፈት ነው። አማርኛ የኛም የኢልም ቋንቋ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

▪ ጠራዡና ማጥበቂያው

ኪታብ ተጽፎ ብቻ አያልቅም፤ መጠረዝ አለበት። ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ይሰፋል፣ ጀርባው ሙጫ ይቀባል። ከዚያ በሁለት ሳንቃ መሃል ገብቶ በኃይል መጥበቅ አለበት። ካልጠበቀ ሙጫው ሲደርቅ ይጣመማል፣ ቅጠሎቹም ይለቃሉ። በየትኛውም አገር የመጽሐፍ ጠራዥ ማጥበቂያ አለው። ሁለት እንጨትና አንድ የሚያስጨንቃቸው ነገር ከሆነ በቂ ነው፤ ገመድ ሊሆን ይችላል፣ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፣ ጥርስ የወጣለት ብሎን ሊሆን ይችላል።

በአገራችን የዚህ ጥበብ እናት ሐረር ናት። እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለ ብዙ ነገር ክፉ የጻፈ ሰው ነው። የሐረርን የመጽሐፍ ጠረዛ ግን በጥንካሬም በመልክም ከፋርስ በቀር የሚበልጠው የምሥራቅ አገር እንደሌለ መስክሯል። ይህ ሙያ ሊጠፋ ሲል በዘመናችን የተነሱት አቶ ዐብደላ ሸሪፍ ናቸው። ኪታቦችን ሰብስበው በሐረር ሙዚየም ከመክፈታቸውም በላይ የጠረዛውን ጥበብ ራሳቸው ተምረው ለሌሎች አስተምረዋል። መጽሐፉን ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው። መጽሐፉን የሚሠራውን እጅ ማስቀመጥ ግን ሌላ ነው፤ የሚከብደውም እሱ ነው።

▪ እፍረቱ ከየት መጣ?

እጅ ሥራን የሚያዋርደው ከዲናችን ካልሆነ ከየት መጣ? መልሱ ከፊውዳሉ ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት ሰው ማለት ባለ ርስት፣ ወታደር ወይም ካህን ነው። በእጁ የሚሠራ ሁሉ የተናቀ ነበር። ብረት ሠሪው ቡዳ ነው ተባለ፣ ፋቂው ተገለለ፣ ሸማኔው መዘበቻ ሆነ።

ነገሩ አገርን እንደሚጎዳ የገባቸው አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ታዋቂውን አዋጅ አወጁ። በአዋጁ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ አራሹንና ሌሎችንም በሥራቸው የሚሰድቡትን አወገዙ፤ የሚጽፈውን ሰው "ጠንቋይ" ማለትም እንዲቀር አዘዙ። ተመልከቱ፤ ሸማኔውና ጸሐፊው በአንድ አዋጅ፣ በአንድ የስድብ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። የናቃቸው ዓለም እንኳ አልለያቸውም ነበር።

ከዚያ በፊት ደግሞ ከባድ ዘመን አልፏል። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤን ተከትሎ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዙ። ብዙዎች ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ጎንደርን ያዙና አቃጠሉ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ነደዱ። ግፍ በማንም ላይ ይፈጸም፣ ግፍ ነው። ስደትም እሳትም መጽሐፍን አይምሩም፤ የማን እንደሆነም አይጠይቁም። ወረቀቱ ሲነድና ሰዉ ሲበተን የሚተርፈው አንድ ነገር ነው፤ እጅ የሚያውቀው ሙያ። ሸማኔ የትም ሄዶ ጉድጓዱን ቆፍሮ ሥራውን ይጀምራል። ደረሳም መቃ ካገኘ ይጽፋል።

የመሬቱ ጉዳይ የተቀየረው ብዙ ቆይቶ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው በታላቅ ሰልፍ ወጡ። በዓመቱ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ የርስት ሥርዓት አበቃ። አልሐምዱሊላህ፣ "አገር የለው" የሚለው ተረት በሕግ ሞተ። በውስጣችን ያለው የእጅ ሥራ እፍረት ግን አብሮ አልሞተም። አንዳንዶቻችን መሬቱ ሲመለስልን እጃችንን ረሳነው።

▪ ሐሰን አልጀበርቲን ያያችሁ

በጎንደርና በትግራይ ሙስሊሞች "ጀበርቲ" እየተባሉ ይጠራሉ። ይህ ስም በካይሮም ትልቅ ስም ነው። በአልአዝሀር ከአገራችን አካባቢ ለሚሄዱ ደረሶች የተለየ "የጀበርቲዎች ሪዋቅ" የሚባል ማደሪያ ነበረ። የግብጽ ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አልጀበርቲ ከዚህ ዘር ነው። አባቱ ሸይኽ ሐሰን አልጀበርቲ (እ.ኤ.አ. በ1774 ያረፉ) ደግሞ የፊቅህ ዓሊም ብቻ አልነበሩም፤ የሒሳብና የፈለክ ሊቅም ነበሩ። የጥላ ሰዓት ይሠሩ ነበር፤ ስለ ሚዛንና መለኪያ ትክክለኛነትም ይመራመሩ ነበር።

አስቡት! የአልአዝሀር ሸይኽ፣ በአንድ እጁ ኪታብ፣ በሌላው መለኪያና መሣሪያ። ለሶላት ሰዓት የሚያስፈልገውን የጥላ ሰዓት ከሌላ አልጠበቀም፤ ራሱ ሠራው። "ሸይኽ ሆኖ እንዴት የእጅ ሥራ ይሠራል?" የሚል ሰው ካለ መልሱ ይህ ነው።

▪ ዛሬ፦ ወይራ፣ ቡሎንና ዳዶ

እ.ኤ.አ. በ1938 ላስሎ ቢሮ የተባለ ሰው ባለ ኳስ ጫፉን እስክሪብቶ በፓተንት አስመዘገበ። በ1950 የቢክ እስክሪብቶ ወጣና ብዕር የሚጣል ዕቃ ሆነ። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ድሃው ሁሉ እንዲጽፍ አድርጓል። ነገር ግን በዓለም ላይ ብዙ ሰዎች አሁን ወደ እጅ ብዕር እየተመለሱ ነው። ከጥሩ እንጨት በእጅ የተሠራ ብዕር ለስጦታ፣ ለምረቃ፣ ለኒካሕ ፊርማ ይፈለጋል። ይህ ሥራ ለጎንደር አናጢ ቤት ባዳ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትንሽ እንጨት በቁመቱ መሃል ለመሃል በትራፓኖ ይበሳል። ቀጭን የናስ ቱቦ በኮላ ይገባበታል። ከዚያ ቶርኖ ላይ ቅርጹ ይወጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ በሰም ይወለወላል። ለዚህ ወይራ ድንቅ ነው። የዘይቱን ዘመድ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ መልኩም ያምራል። ዛፍ መቁረጥም አያስፈልግም፤ ከአናጢ ቤት የሚጣለው ቁርጥራጭ ይበቃል።

ፈተናው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የብዕሩ ጫፍ፣ የሚሽከረከረው ክፍልና የኪስ መያዣው ወደ ናሱ ቱቦ የሚገቡት በግፊት ብቻ ነው። በመዶሻ ከተመቱ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ትንሽ ዘንበል ካሉ ብዕሩ ጠማማ ይሆናል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ የሚገፋ ማጥበቂያ ያስፈልጋል። ከውጭ የሚመጣ አለ፤ ግን ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

አንድ ክንድ የሚሆን ጠንካራ ሳንቃ ውሰዱ። ሁለት እኩል የእንጨት ጉማጆች አዘጋጁ። ሁለቱን አንድ ላይ በሞርሳ አጥብቃችሁ በአንድ ጊዜ ብሱ፤ ቀዳዳቸው በአንድ መስመር የሚውለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ በሳንቃው ላይ ፊት ለፊት አቁማችሁ አጥብቁ። በአንዱ ጉማጅ ቀዳዳ ውስጥ ዳዶ ቅበሩና ረጅም ቡሎን አሳልፉበት። በሌላው ቀዳዳ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ የእንጨት መደገፊያ ሰኩ። የቡሎኑን ጫፍና መደገፊያውን በቁራጭ ቆዳ ሸፍኑ፤ ብረቱ ብዕሩን እንዳይጭረው። በመሃል ብዕሩ የሚያርፍበት ቦይ ያለው እንጨት አስቀምጡ፤ ቁመቱም ብዕሩ ከቡሎኑ ጋር በአንድ ቀጥታ እንዲውል ይሁን። ከዚያ ቡሎኑን በእጅ ማዞር ነው። ሩብ ዙር፣ ቆም ብሎ ማየት፣ እንደገና ሩብ ዙር። የሚሽከረከረው ክፍል ብዙ ከገባ የብዕሩ ጫፍ ወደ ውስጥ አልመለስ ይላል፤ ትንሽ ከገባ ደግሞ አይወጣም። አንዴ ካለፈ ማውጣቱ ከባድ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ምልክት አድርጎ እዚያ ላይ መቆም ያስፈልጋል።

ይህን ስታነቡ የምን ትዝ አላችሁ? አያቶቻችን የመቃውን ጫፍ በአንድ ምት መቁረጣቸው፣ ጠራዡም ኪታቡን በሁለት ሳንቃ ማጥበቁ አይደለም? መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ትዕግሥቱና ልኩ ያው ነው።

▪ ምን እናድርግ?

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፦ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ አናጢ ከሆኑ አጠገባቸው ተቀመጡ። የእያንዳንዱን መሣሪያ ስም ጠይቁ፣ ጻፉት፣ ድምፃቸውንም ቅዱት። አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ የማያውቃቸው ሰው ሊተካው የማይችል የቃላት መዝገብ ይዘው ነው የሚሄዱት። የሥራቸውንም ስም በአደባባይ ጥሩ። "አባቴ ሸማኔ ነው" በሉ። ልጁን ቁርአን ያስቀራው፣ እናንተን ያስተማራችሁ ያ መወርወሪያ ነውና።

ሁለተኛ፦ በየቤታችን፣ በየሣጥኑ ውስጥ የድሮ ኪታብ አለ። ቅጠሉ የረገፈ፣ ሽፋኑ የተበላ፣ "አሮጌ ነው" ተብሎ የተረሳ። አትጣሉት፤ ለባዕድም አትሽጡት። በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላችሁ፣ ከእርጥበትና ከጭስ አርቃችሁ አስቀምጡት። ሽፋኑን በፕላስተር አታጣብቁት፤ ፕላስተር ወረቀቱን ይበላል። በስልካችሁ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት፣ ለሚያውቁ ዑለማዎችም አሳዩት። ያ ኪታብ የአንድ ሰው የብዙ ወራት ሌሊት ነው።

ሦስተኛ፦ በእጃችሁ አንድ ነገር ሥሩ። ብዕር ይሁን፣ ሌላ ይሁን። በመድረሳችሁ ልጆች ቢያንስ አንድ ቀን መቃ ቆርጠው፣ ቀለም በጥብጠው፣ የቢስሚላህን "ባ" በራሳቸው ብዕር እንዲጽፉ አድርጉ። በራሱ ብዕር የጻፈውን ልጅ አይረሳውም።

የጎንደር ሙስሊም መሬት በተከለከለበት ዘመን ያቆመው ሁለት ነገር ነው፤ ኢልሙና እጁ። ዛሬ መሬቱም ትምህርቱም ተከፍቶልናል፣ አልሐምዱሊላህ። እጃችንን አፍረንበት ከተውነው ግን ያቆመንን ግማሽ በገዛ እጃችን ጣልነው ማለት ነው።

አላህ ከእጃቸው ሥራ በልተው፣ በብዕራቸው ኢልም አስተላልፈው ያለፉትን ይዘንላቸው። እኛንም በሐላል ሥራ የማናፍር ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።